ሲገባ የታየው ሰው

ጭሱን ቀድማ ያየችው ሲስተር አየለች ናት። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከቀትር ጥቂት አለፍ ያለ ነበር። ባዬ ከተስቦ በሽተኞች ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ምላጩን በቆዳ ሲያፋጭ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አያ ባዬ፣ ያ የሚጨሰው ቀሐ አይደለም ወይ?» አለችው።

ቀና ብሎ አየ። ከጥንቱ የነገሥታት መዋኛ በታች፣ የቀሐን ወንዝ ተከትለው ከሰፈሩት የሣር ቤቶች መካከል ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባዬ የራሱን ቤት ከሩቅ የሚለየው ከጓሮው ባለው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ደኅና ነው። የሚነደው ከዛፉ ወዲያ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው። የጎረቤቱ የያሕያ ቤት።

ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለና ተወው። ከክፍሉ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቃዥ የከረመው በሽተኛ እንደ ልማዱ፣ «ዳኛው! ኧረ ዳኛው!» እያለ ይጮሃል። ስሙን የሚያውቅ ስላልተገኘ የጤና ኮሌጁ ተማሪዎች «ባለጉዳዩ» ብለውታል፤ ከችሎት ፊት ተነሥቶ የመጣ ነው እያሉ። ባዬ ጩኸቱን ከመልመዱ የተነሣ አልሰማውም። ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘው።

ማን እንዳቃጠለው ሳይነግሩት አውቆታል። ለምን እንዳቃጠለውም ያውቃል።

ባዬ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲከፈት በአናጢነት ገብቶ፣ ኋላ ሆስፒታሉ በሽተኛ የሚያጥብ ሰው ሲፈልግ ወደዚያ የተዛወረ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ተስቦ በቅማል ስለሚዛመት፣ የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ አልጋ ከመያዙ በፊት ጠጉሩና ጺሙ ይላጫል፤ ልብሱ በርሜል ውስጥ ይቀቀላል፤ ገላው ታጥቦ ዲዲቲ የሚባል የቅማል መድኃኒት ይነሰነስበታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ባዬ ነው። ሰው የሚጸየፈውን ሥራ በፍቅር ነበር የያዘው።

ከያሕያ ጋር አንድ አጥር ከተጋሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ያሕያ ከአባቱ ከዐብደላ የተረከበውን ሥራ ነበር የሚሠራው፤ ከሰሜን ጭነው ለሚመጡ ነጋዴዎች ቤቱን ማደሪያ፣ ጓሮውን የከብት ማሰሪያ አድርጎ ያስተናግዳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ያድርበታል። ለክርስቲያኖቹ ምግብ የምትሠራው ከወዲያ ማዶ ያለችው መበለት፣ ትርንጎ ናት። የያሕያን የበር መቃን ያቆመው ባዬ ነው፤ የባዬ ሚስት ስትሞት ደግሞ ድንኳን የተከለው፣ ለለቀስተኛው ውሃ ሲያመላልስ የሰነበተው ያሕያ ነው።

ነገሩ የመጣው በግንቦት መባቻ ነው። ማሩ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ከዛሪማ መጥቶ ያሕያ ቤት አደረ። ባዬ ከሥራ ሲመለስ አንድ ሰው በጋቢ እስከ ዓይኑ ተጀቡኖ፣ ጎፈሬው ከጋቢው በላይ ተቆልሎ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ እየሳበ ሲገባ አይቶ ነበር። ለያሕያ ቤት እንግዳ ብርቅ ስላልሆነ ሁለተኛ አላየውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የማሩ ወንድም ከሁለት ዘመዶቹ ጋር እያፈላለገ መጣ። በቅሎዋ ከያሕያ ጓሮ ታስራ ተገኘች። ባለቤቷ የለም።

«በማግሥቱ ራሴን አመመኝ አለ» አላቸው ያሕያ። «ተኛ ብለው እምቢ አለኝ። አዘዞ ዘመድ አለኝ፣ ጠይቄው እመለሳለሁ፣ በቅሎዬን ጠብቅልኝ ብሎ በእግሩ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እጠብቀዋለሁ።»

አዘዞ ያለው ዘመድ ቢጠየቅ፣ ማሩን በዓይኔም አላየሁት አለ።

ወንድምየው ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። ባዬን ከአጥሩ ሥር ቆሞ አገኘውና ጠጋ አለ።

«ወንድሜን አይተኸው ነበር፣ አያ?»

«ሲገባ አይቻለሁ።»

«ሲወጣስ?»

ባዬ ማልዶ ሥራ ገብቶ ሲመሽ የሚመለስ ሰው ነው፤ ቀን ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚገባ አያይም። ይህን መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ያቺን በቅሎ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያያት፣ ባለቤቷ ወዴት ሄደ የሚል ክፉ ሐሳብ ገብቶበት ነበር። ያሕያን ግን አልጠየቀውም።

«ሲወጣ አላየሁም» አለ።

ወንድምየው ቃሉን በከንፈሩ ደገመው። ባዬ ያኔ ምን እንደተናገረ ትንሽ ታወቀውና፣ «ታሞ እንደሆነስ? ነገ ና፣ ሆስፒታሉን ላሳይህ» አለው።

በማግሥቱ ወሰደው። መዝገብ ላይ ማሩ የሚባል ስም አልነበረም። ባዬ ግን ከመጣ አይቀር ይየው ብሎ እስከ ተስቦው ክፍል በር አደረሰው። አሥራ ሁለት አልጋ፣ አሥራ ሁለት የተላጨ ራስ፤ ፊታቸው ያበጠ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፤ ብዙዎቹ ተኝተዋል። ወንድምየው ከደፍ ላይ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር ቃኛቸው። ባለጉዳዩ የዚያን ዕለት ጸጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«የኔ ወንድም ጎፈሬ ነው፤ ትከሻው እንዲህ የሰፋ» አለ፣ በእጁ እያሳየ። «እዚህ የለም።»

ፖሊስ ያሕያን ወስዶ አንድ ቀን ጠየቀውና ማስረጃ ስላጣ ለቀቀው። መለቀቁ ነገሩን አባሰው። ሲገባ ታየ፣ ሲወጣ አልታየም የሚለው ወሬ ከገበያ ገበያ ዞረ። አንድ ቀን ባዬ ራሱ ጠላ ቤት ተቀምጦ ቃሉን ከማያውቀው ሰው አፍ ሰማው፤ «የገዛ ጎረቤቱ እኮ ነው የመሰከረበት» ሲባል። ጠላውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሲሮጥ ይህ ሁሉ ከኋላው ይከተለው ነበር።

ሲደርስ የያሕያ ጣራ ወድቋል። እሳቱ ወደ ትርንጎ ቤት፣ ከዚያም ወደ አንድ ሸማኔ ቤት ተሻግሯል። ያቃጠሉት፣ የማሩ ወንድምና ዘመዶቹ፣ በፈረስና በእግር ወደ ሰሜን አምልጠዋል። ከመለኮሳቸው በፊት፣ ሰው የሆነ ሁሉ ይውጣ ብለው ጮኸው ነበር፤ ሽማግሌው ዐብደላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ናቸው። የያሕያ ሚስት ሐዲጃ ልጆቿን ይዛ ስትወጣ፣ ያሕያ አባቱን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ። አንዴ ገብቶ ጭሱ መለሰው። ሁለተኛ ገብቶ በትከሻው ተሸክሟቸው ወጣ። የሚነድ ማገር ሲወድቅ በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

ባዬ ዞር ሲል ቁልቁለቱ ነጭ በነጭ ሆኗል። የኮሌጁ ተማሪዎች ጋውናቸውን እንደለበሱ ከኋላው እየሮጡ ነበር። ከወንዙ እስከ ቃጠሎው ተሰልፈው በባልዲ፣ በእንስራ፣ አንዱ በገዛ ባርኔጣው ውሃ ያቀባብሉ ጀመር። ሁለቱ ዐብደላን በቃሬዛ አነሡ። የኮሌጁ ማኪና ቁስለኞቹን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ዐብደላ እሑድ ጧት አረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀሐ ሰፈር ለብዙ ዘመን አውርቶታል። የኮሌጁ ኃላፊ ትምህርት በግማሽ ቀን እንዲሆን ፈቀዱ። ተማሪዎቹ የእግር ኳስ ሜዳቸው ላይ ይተክሉት የነበረውን ድንኳን አምጥተው ለሦስቱ ቤተሰብ ተከሉ። የወጥ ቤት ሠራተኞች በየቀኑ ድስት ተሸክመው ይወርዳሉ። የነርስ ተማሪዎቹ ነጠላቸውን ለሐዲጃና ለሴት ልጆቿ ሰጡ። ዝናቡ ሳይገባ ቤት መቆም አለበት ተባለና፣ ከሐረር የመጣ አንድ ተማሪ ማጭድ ይዞ የማያውቅ እጁን እያደማ ሣር አጨደ፤ በሆስፒታሉ የሚያስተምረው ፈረንጅ ሐኪም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ረገጠ። የጤና ጥበቃ ተማሪዎቹ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር ያዙ።

«ቤት ሳይቆም ሽንት ቤት!» ብላ ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች። ከቃጠሎው ወዲህ በሰፈሩ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ እሱ ነበር።

ባዬ ግን ከማንም ጋር አልሳቀም። ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ምሰሶ ይጠርባል፤ ሆስፒታል ገብቶ ሥራውን ይሠራል፤ ተመልሶ ማገር ያስራል። አንድ ቀን ሐዲጃ በቅል ውሃ ይዛለት መጣች።

«አያ ባዬ፣ አረፍ በል እንጂ። ከሁሉ ይልቅ አንተ ደከምክ። አላህ ይስጥህ።»

ውሃውን ተቀበለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። የወሬውን ሥር ታውቅ እንደሆነ አታውቅ እንደሆነ ሊገባው አልቻለም፤ ለመጠየቅም ወኔ አጣ።

ሐሙስ ዕለት ነው። ባዬ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ጭቃ ይለስናል። ትርንጎ ከገበያ በኩል እያለከለከች መጣች።

«ሰማችሁ? ዳኛው ታሰረ!»

«ዳኛ ደግሞ ምን አድርጎ ይታሰራል?» አለ ባዬ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«የምን ዳኛ አመጣህ! የማሩን ወንድም ነው የምልህ። ስሙ እኮ ዳኛው ነው። ዳባት ላይ ይዘው አመጡት።»

ባዬ በሁለት እጁ ጭቃ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምን አልሽኝ?»

«ዳኛው ነዋ! ምነው፣ ምን ነካህ?»

ጭቃው ከእጁ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ጆሮው ውስጥ ያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለመደው ጩኸት መጣበት። ኧረ ዳኛው። ኧረ ዳኛው። ከዚያ ሌላውም ተከትሎ መጣ፤ ማንም ሳይጠራው፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ። የግንቦት ሁለተኛ ቀን። አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከመንገድ ዳር ወድቆ አገኘሁት ብሎ አውርዶት የሄደ ሰው። ከአዘዞ መንገድ ላይ። ጎፈሬው የተንጨባረረ፣ ምላጭ አልገባ ብሎ በመቀስ ቀድሞ የከረከመው። በርሜል ውስጥ የተቀቀለው ጋቢ። በገዛ እጁ ላጭቶታል። በገዛ እጁ አጥቦታል። ወንድሙን በገዛ እግሩ አምጥቶ፣ ራሱ ላጭቶ መልኩን ባጠፋው ሰው ፊት አቁሞታል!

ከግድግዳው ዘለለ። ሐዲጃ፣ «አያ ባዬ! አያ ባዬ!» እያለች ስትጠራው አልመለሰላትም። እግሩ ከነጭቃው ዳገቱን ወጣ። ሰው ሰላም ሲለው አያይም፤ አንድ ጊዜ ወድቆ ጉልበቱን ገሸለጠው፤ አልታወቀውም።

በሽተኛው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ትኩሳቱ ለቆት፣ የተደረበበት ሳንባ ምችም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ቀሎለታል፤ ነገር ግን ተስቦው ጆሮውን ደፍኖታል። ሲስተር አየለች ስሙን ብትጠይቀው፣ ብትጠይቀው ከንፈሯን እያየ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ባዬ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። አፉን ከጆሮው ጋር አጋጥሞ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ማሩ!»

ሰውየው ደንገጥ ብሎ ዞረ።

«አቤት» አለ።

ሲስተር አየለች የያዘችውን ሣህን ባዶ አልጋ ላይ አስቀመጠች። ማሩ የሚያውቀው ሰው ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት፣ በሰለለ ድምፅ ይናገር ጀመር።

«በቅሎዬ ደኅና ናት? ያሕያ ጋ ትቻት ነው የመጣሁ። ሸጋ ሰው ነው ያሕያ። ተኛ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ያን ጊዜ ባዬ አለቀሰ። ሚስቱ ስትሞት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም ይላሉ ያዩት።

ያሕያ የተኛው እዚያው ሆስፒታል፣ ከግቢው ማዶ ባለው የቁስለኞች ክፍል ነበር። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲስተር አየለች፣ «እኔ ልንገረው» ብትለው ባዬ እንቢ አለ። ብቻውን ገባ። ቆሞ፣ አንዱንም ሳይደብቅ ነገረው፤ ማሩ በሕይወት እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደላጨው። ለወንድሙ ምን ብሎ እንደመለሰለትም ጭምር።

ያሕያ አንድ ጊዜ ሊስቅ ያለ መሰለ፤ ፊቱ ተጣሞ ቀረ።

«አለ?» አለ። «እዚህ? እዚህ ግቢ?»

«አለ።»

«አባቴ ለማን ሞተ ታዲያ?»

ባዬ በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቹን አየ።

«ያየኸውን ነው የተናገርከው፤ ውሸት አልተናገርክም» አለ ያሕያ፣ ጣራውን እያየ። «ግን አሥራ አንድ ዓመት፣ ባዬ። ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ። እንግዳህ የት ሄደ ብለህ ምነው አንድ ቀን እኔን ብትጠይቀኝ?»

ከዚያ ፊቱን አዞረ። ባዬ ትንሽ ቆሞ ወጣ።

ዳኛውን በማግሥቱ ሁለት ፖሊሶች በሰንሰለት አስረው አመጡት። ሟች የተባለው ሰው እሱ መሆን አለመሆኑን እንዲያይ ነበር። አሁንም ከዚያው ደፍ ላይ ቆመ። ባዬ አልጋውን በጣቱ ጠቆመው። ዳኛው እየተጎተተ ሄዶ ጎንበስ አለና የታሰሩ እጆቹን በዚያ በተላጨ ራስ ላይ አሳለፋቸው፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ እንደገናም ከማጅራቱ እስከ ግንባሩ።

ማሩ የሆነውን የሚያውቅ አልነበረም።

«መጣህ?» አለው። «ስንት ጊዜ ጠራሁህ! እጅህን ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

ዳኛው አልጋው ሥር ተደፋ። ፖሊሶቹ ሊያነሡት ቢሞክሩ ክብደቱን ሁሉ ለቆባቸው አቃታቸው።

ወሬው ከተማው ውስጥ ሲናኝ ጎንደር ደነገጠች። ጠላ ቤት ተቀምጠው ገዳይ ሲሉ የከረሙት ዝም አሉ። አንዳንዱ በስተርጅና ሳያፍር ቀሐ ወርዶ ሣር ተሸከመ። ከዛሪማ የማሩ ዘመዶች ግንድና ማገር በአህያ ጭነው መጡና ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ። ሐዲጃ እንዲሠሩ ፈቀደችላቸው፤ አላነጋገረቻቸውም። ሦስቱም ቤቶች ተከድነው ያለቁት ሰኔ በገባ በስምንተኛው ቀን ነበር፤ በዘጠነኛው ዝናቡ ወረደ።

ፍርድ ቤት ባዬን ለምስክርነት ጠራው። ስለ ቃጠሎው ብቻ ነበር የተጠየቀው። እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በአጥሩ ሥር የተናገረውን፣ መናገር ሲገባው የዋጠውንም ተናገረ። ችሎቱ ይህ አልተጠየቀም ቢለውም እስኪጨርስ አላቆመም። ወንድምየው ዳኛው የብዙ ዓመት እሥራት ተፈረደበት። ሲወስዱት ወደ ያሕያ ዞሮ በግንባሩ መሬት ሳመ። ያሕያ አየው፤ አንገቱን ግን አላነቃነቀም። የያሕያ ጣቶች እንደተኮማተሩ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ ልጓም ማጥበቅ አልቻለም።

ማሩ እስኪጠና ሐምሌ ገባ። ጆሮው ሲመለስለት ሁሉንም ነገሩት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ይባላል። አገሩ ሊሄድ ሲነሣ፣ ባዬ እየደገፈው ወደ ቀሐ ይዞት ወረደ። ያሕያ ቤት ነበር፤ አልወጣም። ማሩ ከደጁ ቆሞ፣ በትሩን እያየ በዝናብ ተመታ። ባዬም ከጎኑ ቆመ። እንመለስ ሊለው አስቦ ሳለ በሩ ተከፈተ።

ሐዲጃ በጨርቅ የታሰረ በሶ ይዛ ወጣች። ለማሩ አቀበለችው። ማሩ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ባዬ ዓይኑን ማመን አቅቶት፣ «ሐዲጃ!» ብሎ ቀረ።

«ቤታችን ያደረ እንግዳ ነው» አለችው፣ የልቅሶ ልብሷን በራሷ ላይ እየሳበች። «ያለ ስንቅ ነበር የወጣው።»

ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።